የጓድ ክንዱ ሁለተኛ ዓይን

ለምወድህና ለማከብርህ ወንድሜ ለጋሼ አበራ፤

እንደምን ሰንብተሃል? ያ ክረምት በገባ ቁጥር የሚነሣብህ ወገብህስ ተሻለህ ወይ? እናታችን እንዴት ናት፤ ጉልበቷ ቤተ ክርስቲያን ያደርሳታል? እትዬ ፀሐይወርቅስ፣ ልጆቹስ? የጂማ ዝናብ አባራ ወይስ አሁንም ዝም ብሎ ሲዘንብ ይውላል? እኔ እግዚአብሔር ይመስገን በአካሌ ደኅና ነኝ። በልቤም ደኅና ነኝ ብልህ ግን ውሸት ነው። ይህን ደብዳቤ በፖስታ ሳይሆን በሰው እጅ የላኩልህም በውስጡ ባለው ነገር ምክንያት ነው፤ አንብበህ ስትጨርስ እሳት ውስጥ ጨምረው።

እንደምታውቀው ሁለተኛ ክፍልን ሳይንስ አስተምራለሁ። መጽሐፉ ለአምስት ልጅ አንድ ስለሆነ ሐይቁን መጽሐፍ አደረግሁት። ልጆቹን ጣና ዳር አወርዳቸዋለሁ፤ ያዩትን ይሥላሉ፣ ከሥሩም አጭር ነገር ይጽፋሉ። ሕጌ አንድ ናት፤ የምታውቁትን ሳይሆን ያያችሁትን ብቻ። ባለፈው ወር አንድ ዓሣ አጥማጅ ከታንኳው ላይ ዓሣ ሰጠንና ድንጋይ ላይ በጎኑ አጋድመን ሲሥሉ፣ እናትዓለም የምትባል ልጅ ሁለት ዓይን ሠራችለት። ስንት ዓይን ይታይሻል ብላት አንድ አለችኝ። እንግዲያው አንዱን አጥፊው ብላት፣ አባባ ይቆጡኛል ብላ ከንፈሯን ነከሰች። አባቷ አለቃ ወልደ ሐዋርያት የቤተ ክርስቲያን ሠዓሊ ናቸው። ሥዕሉ ይበላሻል ብላ የሰጋች መስሎኝ ሳቅሁና ላጲሱን ተቀብዬ በገዛ እጄ አጠፋሁት።

ባለፈው ማክሰኞ የቀበሌው ሊቀመንበር ጓድ ክንዱ ትምህርት ቤቱን ሊጎበኙ መጡ። መስኮቱ ሥር ተቀምጠው ወደ ዳይሬክተሩ ዞረው ሲያወሩ፣ እኔ ልጆቹን ክፍሉ ውስጥ ካለው የፈለጋችሁትን አስተውላችሁ ሣሉ አልኳቸው። እናትዓለም እሳቸውን ሣለች። ጋሼ፣ እንዴት ያለ ሥዕል መሰለህ! ሪዛቸው፣ የኮታቸው ኪስ፣ ቁልፉ ሳይቀር። ከሥሩም፣ ጓድ ክንዱን በጎን አየኋቸው፤ አንድ ጆሮና አንድ ዓይን አየሁ፣ ብላ ጽፋለች። እኔ ጅሏ ደስታው ፈንቅሎኝ ወሰድኩና አሳየኋቸው። ፊታቸው አመድ መሰለ። ወረቀቱን አጣጥፈው ኪሳቸው ከተቱና ደኅና ዋሉም ሳይሉ ወጡ።

በማግስቱ እናትዓለም ቀረች። አባቷን አብዮት ጥበቃ ከቤታቸው ወስዷቸዋል አሉኝ። ክው አልኩ። አማርኛ የሚያስተምሩት መምህር ተክለ ጊዮርጊስ የአገሩ ሰው ናቸውና በር ዘግተው አስረዱኝ። በቤተ ክርስቲያን ሥዕል ላይ ጻድቃንና መላእክት ፊት ለፊት፣ በሁለት ዓይን ነው የሚሣሉት። በጎን፣ በአንድ ዓይን የሚሣለው ሰይጣን ነው፤ ይሁዳ ነው፤ ጌታን የሰቀሉት ናቸው። ጓድ ክንዱም ድሮ የቆሎ ተማሪ ስለነበሩ ይህን አይስቱትም። አባቷ መክረዋት ይሁዳ አድርጋ የሣለቻቸው ነው የመሰላቸው። አለቃ ወልደ ሐዋርያት ፀረ አብዮት ተብለው ሰኞ ወደ ትልቁ እስር ቤት ሊላኩ ነበር፤ እንዲህ ተብሎ የሄደ ሰው መመለሱን እንጃ። ስንት ዓመት ቤተ ክርስቲያን ስሳለም የኖርኩ ሰው፣ አስተውሉ እያልኩ የማስተምር ሰው፣ አንድ ቀን እንኳ ያንን ዓይን ልብ ብዬው አላውቅም!

ዓርብ ቀበሌ ሄጄ ጥፋቱ የእኔ ነው፣ ሁለተኛውን ዓይን የከለከልኳት እኔ ነኝ አልኩ። ጓድ ክንዱ ቀና ብለውም አላዩኝ። እውነት ከሆነ እዚሁ ትሣለኝ ብለው ልጅቱን አስጠሯት። አባቷንም አውጥተው ጠመንጃ በያዙ ሁለት ጥበቃዎች መሃል አቆሟቸው። ከዚያ ወንበራቸውን አዙረው በጎናቸው ተቀመጡላት። እናትዓለም ወለሉ ላይ ተንበርክካ መሣል ጀመረች። ጋሼ፣ አንድ ዓይን ብትሥል ያው ስድቡ ተደገመ፤ ሁለት ብትሥል ደግሞ የፊተኛው ሆን ተብሎ ነበር ያሰኛል። ምን ብዬ ልምከራት?

ስትጨርስ አየሁት፤ ሁለት ዓይን። መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ። ጓድ ክንዱ ወረቀቱን ተቀብለው ከሥሩ የጻፈችውን ጮክ ብለው አነበቡ። ያየሁት አንድ ዓይን ነው፤ ሁለተኛውን የሣልሁት አባቴን እንዲለቁልኝ ነው፣ ይላል። አለቃ ወልደ ሐዋርያት ፊታቸውን በጋቢያቸው ሸፈኑ። ጓድ ክንዱ ጽሑፉን አንዴ በልባቸው ደገሙትና፣ ልቀቋቸው አሉ። ለእኔም፣ ዳግመኛ ልጆቹን ሰው እንዳታስሥያቸው፤ ዓሣና ቅጠል ይበቃሻል አሉኝ።

ሰው ሁሉ እንኳን ለዚህ አበቃሽ ይለኛል። እኔ ግን እስከ አሁን ድንጋጤው አልለቀቀኝም፤ እጅ ጽሑፌ የተበላሸው ለዚህ ነው። ያየሽውን ጻፊ ብዬ ያስተማርኳት እኔ፣ አባቴ በጠመንጃ መሃል ቆሞ ቢሆን አንዲት ቃል የምጽፍ አይመስለኝም። ነገ ትምህርት ቤት ትመጣለች። ምን ብዬ ፊቷ እንደምቆም አላውቅም።

ለእትዬ ፀሐይወርቅ የከበረ ሰላምታዬን አቅርብልኝ። አምሐንና ፅጌ ማርያምን ጉንጫቸውን ሳምልኝ። ጎረቤታችንን እማማ ወለተ ሩፋኤልን እንደምን ሰነበቱ በልልኝ። የእናታችንን ጉልበት ስመህ፣ ከዚህ ሁሉ ውስጥ ደኅና መሆኔን ብቻ አንብብላት።

እህትህ የሺመቤት
ባሕር ዳር፤ ኅዳር 17 ቀን 1971 ዓ.ም.