ወደ እሸቴ ገጽ ያዞርሃቸው አድራሻዎች

ውድ ይሻው፣

የራስህን ቅጣት በጠፋው ልጄ ድረ ገጽ ላይ አራግፈሃል። ሌላ ስም አላወጣለትም።

የክርስትና አባትህ ነኝና ልትሰማኝ ይገባል። ልጄ፣ አብሮ አደግህ እሸቴ፣ በመተማ በኩል ወደ ሱዳን ወጥቶ ድምፁ ሲጠፋ፣ ድረ ገጽ መሥራትን ማንም ሳያስተምረኝ ከስልክ ላይ እያነበብሁ ተማርሁ። ፎቶውን፣ ግንባሩ ላይ ያለችውን ጠባሳ፣ የእኔን ስልክ ቁጥር አሰፈርሁበት። ስሙን ከከተማችን ከደብረ ታቦር ጋር አድርጎ በኢንተርኔት የፈለገ ሁሉ መጀመሪያ የሚያገኘው ያን ገጽ ነበር። ሰዎችም ይደውሉ ነበር። አንዲት ሴት ከካርቱም ደውላ «የሚመስለውን ልጅ አይቻለሁ፤ አጣርቼ እደውላለሁ» ስትለኝ፣ እናቱ እቴነሽ ስልኩን ከእጄ ነጥቃ ሳመችው።

ያኔ ነው አንተ ከባሕር ዳር መጥተህ፣ «አባባ፣ የማልሠራባቸው አሮጌ የድረ ገጽ አድራሻዎች አሉኝ። እነሱን የከፈተ ሰው በቀጥታ እሸቴ ገጽ እንዲገባ ላዙርልዎት። እንግዳ ይበዛልዎታል» ያልኸኝ። እንግዳ በየት በኩል መጣህ አይባልም ብዬ እሺ አልሁ። በእኛ አገር ደጅ የደረሰን ሰው ማን ይመረምራል?

አድራሻዎቹ የቁማር ነበሩ። ስላጭበረበሩ የኢንተርኔት ፍለጋ ድርጅቱ ቀጥቷቸው፣ ከፍለጋ ውጤት የተጣሉ። ይህን እያወቅህ፣ ሲዞሩ ቅጣቱ ይለቅ እንደሆነ በእኔ ሞከርህ። አለቀቀም፤ ተከትሏቸው መጣ። ዛሬ የልጄን ስም ብትፈልግ የማላውቀው የሌላ እሸቴ ሱቅ ይወጣል፤ የእኔ የለም። ስልኩም ዝም አለ። የካርቱሟ ሴት ቁጥሬ ቢጠፋባት በየት ታገኘኛለች?

ነገሩን የደረሰችበት ገበያው ዳር ኮምፒውተር የምትጠግነው ሂክማ ናት። «አባባ ዘውዱ፣ አዲስ አድራሻ ይክፈቱና ይገላገሉ» አለችኝ።

«አድራሻ የሚለውጥ የበደለ ሰው ነው» አልኋት።

«እንግዲያ ይሻውን ይለምኑ። ማዞሪያው በሱ እጅ ነው፤ እሱ ሳያነሣው ቅጣቱ እንዲነሣ ለፍለጋ ድርጅቱ ማመልከት ዋጋ የለውም። የእርስዎ አንገት ግን ለልመና የተሠራ አይመስለኝም!» ብላ ሳቀችብኝ።

ሳልለምን አርጅቻለሁ። አንተን ግን እለምናለሁ። ስልኬን አላነሣ ስላልህ ነው የጻፍሁት። እቴነሽ «ዛሬስ የደወለ የለም?» ማለቱን ትታለች። መጥታ ስልኩ ባትሪ እንዳለው ታይና ትመለሳለች። ከጥያቄዋ ይልቅ ይህ ገደለኝ። ልጄ በሕይወት ካለ፣ ያየው ሰው እኔን የሚያገኝበት ሌላ መንገድ የለኝም። ማዞሪያውን ዛሬውኑ አንሣ። ማመልከቻውን እኔው ራሴ እጽፋለሁ።

ከዚያ ወዲያ ይህን ነገር አላነሣውም። ለዓመት በዓል ብትመጣ «ብላ፣ ጠጣ» እልሃለሁ እንጂ አልጠይቅህም፤ ይቅርታህንም አልሰማም። እሸቴ ተመልሶ «ይሻውስ?» ቢለኝ፣ «ደህና ነው» እለዋለሁ። ሌላ ቃል ከአፌ አይወጣም።

ዘውዱ