የመሪጌታ ደም

ማክሰኞ፣ ኅዳር 9

ጠዋት ከሮብ ገበያ በኩል በሬ ሆዷን የወጋት ሴት አመጡልን። ስሟ ጥሩዬ ነው፤ የሁለት ልጆች እናት። ሆዷን ስከፍተው ከጉበቷ ሥር ያለው ትልቁ ደም መልስ ተቀዷል። በጣቴ አፍኜ ይዤ ሰፋሁት። «ዶክተር፣ ደሙ ቆመ እኮ!» አለችኝ ነርሷ፤ የምትተርፍ መስሎኝ ደስ አለኝ። ግን ብዙ ደም ፈሷታል፤ የነበረንንም ደም ሰጥተናት ጨርሰናል። አባቷ መሪጌታ አጥናፉ የራሳቸውን ሰጡ። የደሙን ከረጢት ሰቅለን ገና ሳንከፍተው ልቧ ቀጥ አለ። ብዙ ታገልን፤ አልተመለሰችም።

ወጥቼ ለአባቷ ነገርኳቸው።

«የኔ ደም ደረሰላት?»

«አዎ አባ፣ ደርሶላታል።»

«ተመስገን። እንግዲያው ልጄ ብቻዋን አልሄደችም» አሉና በጋቢያቸው ፊታቸውን ሸፈኑ።

ነርሷ ከረጢቱን ያወረደችው እንደሞላ ነው።

ከሰዓት መሪጌታ አስከሬኗን ጭነው ሊሄዱ ሲሉ መጥተው ትከሻዬን ሳሙኝ። «እግዜር ይስጥህ ልጄ» አሉኝ። አሜን ማለት አቃተኝ። እውነቱን ብነግራቸው ይሻል ነበር? እንጃ...