የአቶ ገሜዳ ወዬሳ የሕይወት ታሪክና የሰባት ቁጥር ማኅተም ነገር

አቶ ገሜዳ ወዬሳ ከአባታቸው ከአቶ ወዬሳ ያደሳና ከእናታቸው ከወ/ሮ ደሜ ቱሉ ኅዳር 12 ቀን 1932 ዓ.ም. እዚሁ ኮልፌ ተወለዱ። አባታቸው ባቡሩ ገና ድሬዳዋ ላይ ቆሞ በነበረበት ዘመን፣ በመርከብ ጅቡቲ የገባውን የባህር ማዶ ፖስታ ከድሬዳዋ በበቅሎ ጭነው አዲስ አበባ ያደርሱ ነበር። ስለዚህ ቤት ውስጥ የሚወራው ሁሉ መርከብ፣ ባቡርና ከረጢት ነበር።

ፊደል ቄስ ትምህርት ቤት ቆጠሩ፤ እስከ ስምንተኛ ክፍል ተማሩ። በ1951 ለገሃር ከረጢት ተሸካሚ ሆነው ተቀጠሩ። ፈረንሳይኛ ከአድራሻ ላይ እያነበቡ ለመዱ፤ በ1955 የውጭ ፖስታ ለዪ ሆኑ። ሥራው ይኸው ነው፦ መርከብ ሲገባ ጅቡቲ ወርዶ ከረጢት መረከብ፣ ባቡር ላይ መጫን፣ ለገሃር አውርዶ መለየት። የሚሄደውንም መርከቡ ሳያመልጥ ማድረስ። መርከብ ካመለጠ ደብዳቤ ሦስት ሳምንት ይተኛል።

ጅቡቲ ላይ የተረከቡት ከረጢት ሁሉ አፉ በገመድ ታስሮ እርሳስ በሚባለው ለስላሳ ብረት ይታተማል። ማተሚያው ጉጠት የሠራተኛው ቁጥር አለው፤ ቁጥሩ እርሳሱ ላይ ይወጣል፣ ዝርዝር ላይም ይጻፋል። የአቶ ገሜዳ አራት ነበር። የባልደረባቸው የአቶ ወልደጊዮርጊስ ሰባት።

በ1958 ወ/ሮ ጥሩብርሃንን አግብተው ሀዊንና ቱሉን ወለዱ። ልጆቻቸውን መትተው አያውቁም። አቅፈውም አያውቁም።

ታናሽ ወንድማቸው ኤባ በ1963 መርከብ ላይ ተቀጥሮ ከጅቡቲ ሄደ። መጀመሪያ ይጽፍ ነበር፣ ከዚያ ዝም አለ። በ1969 ክረምት እናታቸው አልጋ ያዙ። "ኤባ ጻፈ?" ከማለት በቀር ሌላ ወሬ አልነበራቸውም። በዚያው ሰሞን በምሥራቅ በኩል በሶማሊያው ጦርነት የባቡሩ መስመር ተቆረጠ። በመጨረሻው ባቡር የገባው የውጭ ፖስታ እስኪፈተሽ ማንም አይንካው ተብሎ መጋዘን ተቆለፈበት። ቁልፉን አቶ ገሜዳና አቶ ወልደጊዮርጊስ በየተራ ይይዙ ነበር።

አንድ ቀን በምሳ ሰዓት አቶ ገሜዳ መጋዘኑን ከፈቱ። የኤባ ደብዳቤ ከፈረንሳዩ ወደብ ከማርሴይ በሚመጣው ከረጢት ነበር የሚገባው። ያንን ከረጢት ራሳቸው ናቸው በአራት ቁጥር ያተሙት። እርሳሱን ቆረጡ፣ ደብዳቤዎቹን አንድ በአንድ አዩ። ከኤባ ምንም የለም። መልሰው አሰሩና ምስማር ላይ ከተሰቀሉት ጉጠቶች አንዱን ላፍ አድርገው አተሙ። ያነሱት ሰባት ቁጥሩን ነበር። አላዩም።

ቤት ገብተው እናታቸውን "ጽፏል፣ ደህና ነኝ ይላል" አሏቸው።

"ተመስገን። መቼ ነው የሚመጣው?"

"ለገና።"

በሦስተኛው ቀን እናታቸው አረፉ።

ፈታሾቹ በሳምንቱ መጡ። ዝርዝሩ አራት ይላል፣ ከረጢቱ ላይ ያለው ሰባት ነው። "ሰባት ቁጥር ማን ነው?" ሲባል አቶ ወልደጊዮርጊስ "እኔ ነኝ፣ ምነው?" አሉ። በዚያ ዘመን የውጭ ከረጢት መክፈት በስለላ ያስጠረጥራል። አቶ ገሜዳ አጠገባቸው ቆመው ነበር። ዝም አሉ። አቶ ወልደጊዮርጊስ እየተወሰዱ ዞረው "ገሜ፣ ለራኬብ ማታ እመጣለሁ በልልኝ" አሉ። አልመጡም። ሬሳቸውም አልተሰጠም።

ባለቤታቸው ወ/ሮ ራኬብ "የሌባ ሚስት" ተባሉ። ልጃቸው ኤልናታን "የከረጢት ቀዳጅ ልጅ" እየተባለ አደገ። አቶ ገሜዳ ወደ አርባ ስምንት ዓመት የዚያን ቤት ጣራ ሲጠግኑ፣ ልጁን ትምህርት ቤት ሲያስመዘግቡ፣ ሲያገባም ሽማግሌ ሲሆኑ ኖሩ። ወ/ሮ ራኬብ በየዓመት በዓሉ "አንተ ባትኖር ምን ይውጠን ነበር ገሜዬ፣ ዕድሜህን ያርዝመው" ይሉ ነበር። ዕድሜያቸው ረዘመ።

በ1987 ጡረታ ወጡ። ወ/ሮ ጥሩብርሃን በ2009 ሲያርፉ ይህን ነገር አልሰሙም። አቶ ገሜዳ ኩላሊታቸውን ታመው ዘነበወርቅ ሆስፒታል ሲመላለሱ ቆዩ። ከሦስት ሳምንት በፊት ሁሉንም ለልጃቸው ለሀዊ ነገሩና "ቀብሬ ላይ ይነበብ" አሉ።

"ወይዘሮ ራኬብ እኮ አየር ጤና ናቸው፤ ላምጣቸውና ራስዎ ይንገሯቸው።"

"አልችልም።"

ሀዊ አመጣቻቸው። ወ/ሮ ራኬብ ሙዝ ገዝተው መጡ፣ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጡ፣ እጃቸውን ይዘው "አይዞህ ወንድሜ" አሉ። አቶ ገሜዳ ፊታቸውን ወደ ግድግዳ አዞሩ። ከአራት ቀን በኋላ፣ የካቲት 9 ቀን 2017 ዓ.ም.፣ በተወለዱ በ85 ዓመታቸው አረፉ።

ወንድ ልጃቸው ቱሉ "እንዲህ ያለ ነገር ቀብር ላይ ይነበባል እንዴ? ዕድሩ ምን ይላል?" ብሏል። ዕድሩ የሚለውን ይበል። ሀዊ ትናንት ሄዳ ለወ/ሮ ራኬብ ነገረቻቸው። እሳቸውም "ጮክ ተብሎ ይነበብ፣ ሰፈሩ ይስማ" አሉ። ቀብር ይምጡ አይምጡ አልተናገሩም።

አቶ ወልደጊዮርጊስ ስላልተቀበሩ የሕይወት ታሪካቸው ተነብቦ አያውቅም። የምናውቀውን ያህል ይኸው። በ1929 ተወለዱ። አሥራ ስድስት ዓመት የውጭ ፖስታ ለዩ። ከረጢት አሽትተው የየትኛው መርከብ እንደሆነ ይናገሩ ነበር፤ ተወራርደው ምሳ የበሉበት ቀን ብዙ ነው። ያንን ከረጢት አልከፈቱም። የከፈቱት አቶ ገሜዳ ናቸው።

አቶ ገሜዳ የሁለት ልጆች አባትና የአራት ልጆች አያት ነበሩ። ቤተሰቡ በስማቸው ወ/ሮ ራኬብንና ኤልናታንን ይቅርታ ይጠይቃል፤ መልስ ዛሬ አይጠብቅም። እግዚአብሔር አስቀድሞ የአቶ ወልደጊዮርጊስን ነፍስ በአብርሃም እቅፍ ያኑር። የአቶ ገሜዳን ደግሞ እንደ ፈቃዱ።