አፍ የተገጠመበት ፎቶ

ማክሰኞ፣ ማርች 3
ዛሬ የታራስን ጥርስ በአምበላችን ጥርስ ቀየርኩ። ለሆኪ ጨዋታ በረዶው ላይ ከመውጣታችን በፊት ሁሉም ተጫዋች ሰው ሠራሽ ጥርሱን አውልቆ አንድ ጣሳ ውስጥ ይከታል... ማን ያየኛል? ከጨዋታው በኋላ ታራስ፣ "ምነው አፌ ጠበበኝ?" ሲል በሳቅ ፈረስኩ። ከተጠባባቂዎች ወንበር ወደቅሁ። ዓመቱን ሙሉ ካልተነሳሁበት ወንበር!
በረኛችን ኤይኖ እንደ ልማዱ ከመግባቱ በፊት ጓሮ ሄዶ አስመለሰ። "ማታ ስንት ጠርሙስ ጨረስክ፣ ጋሼ?" አልኩት። "በረኝነት ምን አላት፣ ዓይን መግለጥ ብቻ!" አፉን ጠርጎ ወደ በረዶው ወጣ።

ቅዳሜ፣ ማርች 7
ለፍጻሜ አለፍን። ማን ተደሰተ? ፓኳ፣ ያቺ በዱላ የምንመታት ድንጋይ የመሰለች ጠፍጣፋ ጎማ፣ የኤይኖን ፊት አገኘችው። ድምፁ... ደረቅ እንጨት ሲሰበር። በግራ ዓይኑ አያይም። ይመለስለት ይሆን? ሐኪሙ "እንጃ" አለ።
ሌላ በረኛ የለንም።

እሑድ፣ ማርች 8
አሰልጣኙ ጠራኝ። "ዓይን መግለጥ ብቻ ነው ስትል አልነበር? በል ግለጣ!"
ሳቅሁ። ብቻዬን።

ረቡዕ፣ ማርች 11
ከምንሠራበት የከሰል ጉድጓድ ወጥተን ልምምድ። ታራስ ሲመታ ዓይኔ በራሱ ጊዜ ይጨፈናል። "አንተ ጥርስ ቀያሪ፣ ግለጥ!" ይላል። እንዴት አድርጌ?
የልብስ መቀየሪያችን ግድግዳ ላይ በ1920 ዋንጫ ያመጡልን ሰዎች ፎቶ አለ። ሁሉም አፋቸውን ገጥመዋል። ኩራተኞች ይመስሉኝ ነበር። "የምን ኩራት! ጥርስ የላቸውም" አለኝ ታራስ። አንዱ ደግሞ ዓይኑ ላይ ጨርቅ አስሯል... እስከ ዛሬ እንዴት አላየሁትም?

ዓርብ፣ ማርች 13
ኤይኖ ቤት ሄድኩ። ቀልድ ይዤ ነበር፣ በር ላይ ጠፋኝ። "ጋሼ፣ ፈራሁ።"
"መጠጥ መሰለህ የሚያስመልሰኝ?" አለ ከፋሻው ውስጥ ሆኖ። "አንድም ቀን ሳልፈራ ገብቼ አላውቅም። አስመልስና ግባ።"

ቅዳሜ፣ ማርች 14
ዛሬ ፍጻሜው ነው። አስመለስኩ። ታራስ ጀርባዬን እያሸ "ስንት ጠርሙስ ጨረስክ?" ይለኛል፣ ውሻ!
ተጠራን። እርሳሴን አስቀመጥኩ...

ማክሰኞ፣ ማርች 17
ዋንጫው የኛ ነው። ሁለት ለአንድ። ሁለት የፊት ጥርሶቼ በረዶው ላይ ቀሩ። የገባችብኝን አንዷንም ግን እስክትገባ ድረስ አይቻታለሁ።
ዛሬ ፎቶ ተነሳን። ጣሳውን ደበቅሁባቸው። እየተራገሙ አፋቸውን ገጠሙ። ኤይኖ አጠገቤ ተቀመጠ። ግራ ዓይኑ አልተመለሰም።
ፎቶ አንሺው፣ "አንተ ወጣቱ እንኳ ፈገግ በልልኝ!" አለ።
አፌን ገጠምኩ።