የሮሲዮ ወገብና የፈረስ ቅባት

ለልጄ ለፋብሪሲዮ፣

ከሁሉ አስቀድሜ ጤናህን እጠይቃለሁ። እንዴት ሰነበትክ? የደቡቡ ነፋስ እንዴት አደረጋችሁ? ሚስትህን ማሪየላን ጉንፋኑ ለቀቃት ወይ? ትንሹ ባውቲስታ መራመድ ጀመረ? እኔ በእግሬ እሄዳለሁ፤ ደህና ነኝ ብዬ እንዳልጽፍልህ ግን እጄ እምቢ አለኝ። በስልክ መናገሩም አቃተኝ።

እኔ ዘንድ ያለችው የልጅህ የሮሲዮ የወገብ አጥንት ተሰንጥቋል። ሐኪሙ ራጁን መስኮቱ ላይ ይዞ አሳየኝ፤ ፀጉር የምታህል መስመር ናት። በቴኒሱ ሰርቭ፣ የመክፈቻዋን ኳስ፣ ስትመታ ወደ ኋላ እየተለመጠች፣ በቀን ሁለት መቶ ጊዜ፣ ያለ አንድ ቀን ዕረፍት ያመጣችው ነው አለ። ስድስት ወር ራኬት እንዳትነካ፣ ብትጫወት ግን ስንጥቁ ላይገጥም እንደሚችል ነገረን። ገና በአሥራ ሦስት ዓመቷ!

ከፋሲካ ጀምሮ ያማት ነበር። አባትህ፣ ነፍሱን ይማረውና፣ ከጋጣው አምጥቶ የተወውን የፈረስ ቅባት ጓዳ አግኝታ በድብቅ ትታሽ ነበር፤ ቆዳዋን ሲያቃጥላት ሕመሙ ይጠፋላታል። ሽታው ቤቱን ሲሞላው የአባትህ አሮጌ ልብስ ነው ብዬ አለፍኩት። ኋላ ስጠይቃት፣ «አባዬ ይህንኑ ተቀብቶ አይደል ፍጻሜውን ያሸነፈው? አንቺው ነሽ የነገርሽኝ» አለችኝ።

እውነቷን ነው። ያን ቀን ክርንህ አብጦ፣ «እማዬ፣ ዛሬስ ይቅርብኝ» ስትለኝ፣ «ወንድ አይደለህ እንዴ?» ብዬ አሽቼ የላክሁህ እኔ ነኝ። ለልጅህ ዋንጫውን ተረኩላት፤ ክንድህ ከዚያ ወዲህ አለመዘርጋቱን ዘለልኩት። ማንበብ ያስተማረኝ ባይኖርም፣ ያገኘሁትን ሁሉ አንብቤ የሚያድግ ልጅ አጥንት ለጋ መሆኑን፣ ሕመም ሲመጣ ማቆም እንጂ ማደንዘዝ እንደማይገባ፣ በሳምንት አንድ ሁለት ቀን ማረፍ እንደሚያስፈልግ አውቄ ነበር። ማወቄ ለማን በጀ? ብናገር የክንድህን ነገር ማንሳቴ ነውና አፌን ይዤ ተቀመጥኩ።

አሰልጣኟ ዶን ኦሌጋሪዮ፣ «ሴትዮ፣ እኔ ከሜዳዬ ከልክያታለሁ፤ ይቺ በቅሎ ግን አጥር ዘላም ትገባለች» ብሎኛል። የሮዛሪዮ ከተማው ውድድር ሁለት ሳምንት ቀርቶታል፤ ብቻዬንም ቢሆን እሄዳለሁ ትላለች። «አያቴ፣ አንቺ ፈሪ ነሽ፤ አባዬ እዚህ ቢሆን ይልከኝ ነበር» ካለችኝ ወዲህ አብራኝ ማዕድ አትቀርብም።

ዛሬ ትምህርት ቤት ሳለች ሁለቱንም ራኬቶቿን ጠቅልዬ ከዚህ ደብዳቤ ጋር በአውቶቡስ ልኬልሃለሁ። ስትመለስ የሚጠብቀኝን አውቃለሁ። ግን ራኬት ከጓደኛም ይዋሳል፤ የእኔ ቃል ደግሞ ከእንግዲህ ጆሮዋ አይገባም። አንተ ደውልላት። የመጨረሻዋን ኳስ በስንት ዓመትህ እንደመታህ ንገራት። ማን እንዳሸህም ንገራት፤ እኔን አትሸፍነኝ።

ማሪየላን ስለ እኔ አቅፈህ ሳማት። ባውቲስታን ጉንጩን፣ አማትህን ዶኛ ኤርሲሊያን እጇን ሳምልኝ። እመቤታችን ትጠብቃችሁ።

እናትህ ኔሊዳ
ፊርማት፣ ሳንታ ፌ
ኦገስት 10 ቀን 1998