የበሊምቢንግ ጭማቂ፣ የደም ግፊቴና ያቺ ኤክስ

ይድረስ ላምፑንግ ለምትኖሪው ለእህቴ ለእትዬ ማስሊካህ፤

አሰላሙ ዐለይኩም። እንዴት ሰነበትሽ? ጉልበትሽስ እንዴት ነው? የባለቤትሽ የጋሼ ታስሪፕ ሳል ተዋቸው? ባሕሩን ተሻግራችሁ ከሄዳችሁ ጀምሮ ሰላምታዬን የምልክልሽ በሰው አፍ ነበር፤ ግማሹን መንገድ ላይ እየበሉት ይደርስሽ እንደነበር አውቃለሁ። የዛሬው ግን ከራሴ እጅ የወጣ ስለሆነ ሙሉ ነው። እኔና ባለቤቴ ዙማሮህ፣ ዶሮዎቹም ጭምር፣ አልሐምዱሊላህ ደህና ነን።

ኢስቲ ልጄ፣ ይህን ለእናትሽ ስታነቢላት የጻፈው አጎትሽ ራሱ መሆኑን ሦስት ጊዜ ንገሪያት፤ በመጀመሪያው አታምንሽም። በማታው የፊደል ትምህርት ከሃያ ሁለት ሰው አንደኛ ወጥቻለሁ። ሁለተኛ የወጣችው ሴትዮ ትበልጠዋለች የሚሉ አሉ፤ እነሱ ማንበብ አይችሉም።

እትዬ፣ ዋናው ወሬ ይኸውልሽ። አሥራ ሦስት ዓመት የጠበቅነው የሐጅ ተራችን ደረሰ! መጀመሪያ ግን ጤና ጣቢያ ሄዳችሁ ተመርመሩ ተባልን። ዙማሮህ እንደ ኮረዳ ሆና አለፈች። የእኔ የደም ግፊት 170 በ105 ሆነ። በሰልፉ ውስጥ የሚበልጠኝ ሰው ስላልነበረ ትንሽ ኩራት ቢጤም ተሰምቶኝ ነበር። ነርሷ ሬትኖ ግን «አባባ፣ ይሄ ካልወረደ የማለፊያ ወረቀትዎን አልፈርምም፤ ከሃያ ቀን በኋላ ይምጡ» ብላ ኪኒን በትንሽ ፌስታል አድርጋ ሰጠችኝ።

ፌስታሉ ላይ በእጇ የጻፈችው ነገር ነበር። ከጤና ጣቢያ የመጣ ጽሑፍ ራሴ ሳነብ በሕይወቴ የመጀመሪያዬ ነው። ዙማሮህን ፊት ለፊቴ አስቀምጬ፣ መነጽሬን አድርጌ አነበብኩት፦ 1 x 1። አንድ፣ ኤክስ፣ አንድ። አስተማሪያችን የተሳሳተ ነገር ስታገኝ ምን ታደርግበታለች? ኤክስ! ስለዚህ «ነርሷ ተሳስታ ኖሮ ኪኒኑን ሰርዛዋለች» አልኳት። ዙማሮህ «ከሰረዘችው ታዲያ ለምን ሰጠችህ?» አለችኝ። «አንቺ ያልተማርሽ፣ ዝም በይ» አልኳት።

በጓሯችን ያለውን በሊምቢንግ ታውቂዋለሽ፤ ያ ሲቆረጥ ኮከብ የሚሆነው ፍሬ። ጭማቂው ግፊት ያወርዳል የማይል ሰው እዚህ የለም። ጨምቄ፣ አጥልዬ፣ ስኳርና የቆርቆሮ ወተት ጨምሬበት ጠዋትና ማታ በትልቁ ብርጭቆ እጠጣው ጀመር። ደጃፌ ላይም «የግፊት መድኃኒት እዚህ አለ» ብዬ በትልቁ ጻፍኩ። ጎረቤቱ ሁሉ መጣ፤ አንዳንዱ ለጭማቂው፣ አንዳንዱ ለጽሕፈቴ። ላንቺም በመንገደኛ ያንኑ ምክር ልኬልሽ ነበርና እባክሽ እርሺው፤ የግፊት ኪኒንሽን እንዳትተዪ!

በሃያኛው ቀን ደረቴን ነፍቼ ሄድኩ። 184 በ110። ሬትኖ ደንግጣ «ኪኒኑን እየወሰዱ ነው?» ስትለኝ፣ አንድም ያልጎደለበትን ፌስታል አውጥቼ «ልጄ፣ አንቺው ኤክስ አድርገሽበት የለም እንዴ!» አልኳት። መጀመሪያ ፌስታሉን፣ ቀጥላ እኔን አየች፤ ከዚያ ወንበር እስክትይዝ ድረስ ሳቀች። «በቀን አንድ ጊዜ፣ አንድ ኪኒን ማለት ነው እኮ አባባ!» አለችኝ።

የበሊምቢንግ ጭማቂ እየጠጣሁ መክረሜን ስነግራት ግን ሳቋን ትታ ቆጣ አለች። ፍሬው በራሱ ክፉ አይደለም፤ አሰሩ ተጥሎ በስኳርና በወተት ሲጠጣ ግን ውፍረት ያመጣል፣ ውፍረቱም ግፊቱን ያባብሰዋል አለችኝ። ደህና ጭማቂ ቢሆንም እንኳ የኪኒን ምትክ አይሆንም። ከሁሉ የከፋው፣ በሊምቢንግ ኩላሊቱ ለደከመ ሰው መርዝ ነው፤ ግፊት ደግሞ ኩላሊትን ድምፅ ሳያሰማ ያደክማል። ደሜን ለኩላሊት ምርመራ ቀድታ «የመጨረሻው ቀን ከሁለት ሳምንት በኋላ ነው፤ ከዚያ በኋላ እኔም ላግዝዎ አልችልም» አለችኝ።

ዙማሮህ አልሳቀችም። መንገድ ላይ «ጥዬህ ነው የምሄደው! አንተ እዚህ ሆነህ ጭማቂህን ጠጣ» አለችኝ። ይህስ ባልከፋኝ ነበር። ቤት ስንገባ ግን ለጉዞው ጎን ለጎን ከዘረጋችው ነጭ ልብስ የእኔን ብቻ አነሳች፤ ቀስ ብላ አጥፋ ሳጥን ውስጥ መለሰችው። እትዬ፣ የከፋኝ ያኔ ነው።

የደጃፌን ጽሑፍ በገዛ እጄ ቀደድኩት። ጎረቤቶቼንም ቤት ለቤት እየዞርኩ ተሳስቼ ነበር አልኳቸው፤ ደግነቱ አብዛኞቹ ከመጀመሪያውም አላመኑኝም። ኪኒኑን ዙማሮህ ስትውጠው አሳየኝ እያለች፣ አፌን አስከፍታ እያየች ጠዋት ጠዋት ወሰድኩ። ጨው ያለበት ደረቅ ዓሣ ቀረብኝ። ኩላሊቴ ደህና ነው ተባለ፤ በሊምቢንጉን ግን ለሌሊት ወፎች ትቼላቸዋለሁ። በቀኑ ስንሄድ 136 በ84! ሬትኖ ማኅተሙን ስትመታ ወረቀቱን ነጠቅ አድርጌ «ካስሙሪ፣ ተፈቅዶለታል» ብዬ ለዙማሮህ አነበብኩላት። አልቅሳ አስለቀሰችኝ።

ከረመዳን በኋላ እንነሳለን። ሐጅ የሚሄድ ሰው ይቅርታ ሳይጠይቅ አይወጣምና እኔም አንድ ነገር ልናዘዝልሽ። ኢስቲ እየጻፈችልሽ የላክሽልኝን ደብዳቤዎች ያነበብኳቸው እያስመሰልኩ ነበር የማስቀምጣቸው። ማንበብ አለመቻሌ እንዳይታወቅብኝ ብዬ ለማንም አላስነበብኩም። ይቅር በይኝ። አሁን በየተራ እያነበብኳቸው ነው፤ ሦስተኛው ላይ ደርሻለሁ። ፍየሏ ወለደች ወይ ብለሽኛል። አዎ፣ ሁለት ወልዳለች፤ ሁለቱንም ከበላናቸው ዘጠኝ ዓመት ሆነን።

ጋሼ ታስሪፕን አላህ ይማርዎ ብሏል በያቸው። ኢስቲን ሳሚልኝ፤ ባሏንም ሰላም በይልኝ፤ መንትዮቹን ጉንጫቸውን ሳብ ሳብ አድርጊልኝ። ዙማሮህ ያልተጻፈ ብዙ ሰላምታ አላት፤ እጄን ስለደከመኝ ነው።

ወንድምሽ ካስሙሪ
ደማክ፣ ሰኞ፣ ረጀብ 18