በልደት ስጦታ የተገኘች ካንሰር

ውድ ልጄ ቦራም፣ ብዕሬን ያነሣሁት ለልደቴ በገዛሽልኝ የጤና ምርመራ አንገቴ ላይ የተገኘችውን ትንሽ የታይሮይድ ካንሰር ለጊዜው እንደማላስወጣት ላስታውቅሽ ነው። የሟች አያቶችሽ መንፈስ ባለሽበት ይጠብቅሽ፤ እኔ ደኅና ነኝ።

ሐኪሙ፣ «በአገራችን በኮሪያ በሽታው በሃያ ዓመት ውስጥ አሥራ አምስት እጥፍ ሲበዛ የሟቹ ቁጥር አልጨመረም፤ የበዛው ፍተሻው ነው። ልጅዎ ባለችበት በፊንላንድ የጤነኛው አንገት ሁሉ ስለማይፈተሽ ይህን ያህል አይገኝም። የእርስዎን እየተከታተልን እንጠብቅ» አለኝ።

ጎረቤታችን ኦክቡን የታይሮይድ ቀዶ ጥገና ጠባሳዋን በሻርፕ ሸፍና፣ «መምህርት፣ ቢላዋ ፈርተው ነው እንጂ» ብላ ቀለደችብኝ። እኔም አብረን ተራራ ስንወጣ ቀድሜያት ጫፉ ላይ ደረስሁ።

ስጦታሽ የፍቅር ነበርና እጅሽ ይባረክ፤ እንዳትጸጸቺ። ምንም ሕመም ለሌለባት አክስትሽ ምርመራውን ስትገዢ ግን የአንገቱን ፍተሻ አስቀሪላት። ስለ ቀዶ ጥገናው መጎትጎትሽን ትተሽ ውሳኔዬን መቀበልሽን እስከ ቹሶክ፣ የመከር በዓላችን፣ ዋዜማ በእጅሽ ጽፈሽ አሳውቂኝ።